የንጉሥ ጋምቢትን ተቀብዬ በ11 እርምጃ ማት ሆንኩ፤ ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እሑድ ዕለት በሰፈራችን የጋራ መገልገያ ቤት የቼዝ ውድድር ነበረን፤ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ። ጥቁር ደረሰኝና ልጁ የንጉሥ ጋምቢት (ነጭ በ2ኛው እርምጃ የኤፍ ወታደሩን እንዲበላ የሚያቀርብበት አከፋፈት) ከፈተብኝ። ወታደሩን በላሁ፣ ፈረሱንም ጨምሬ በላሁ፣ ግን በ11ኛው እርምጃ ማት ሆንኩ። ጓደኞቼ ‹ጋምቢት አይበላም፣ ወጥመድ ነው› ይሉኛል። ጥፋቴ መቀበሌ ነው? ወረቀቱን ልኬልዎታለሁ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው በወረቀት መመዝገብህ ትልቅ ነገር ነው። በአጭር ሰዓት ውድድር ብዙ ሰው አይመዘግብም፤ ያልተመዘገበ ሽንፈት ደግሞ ምንም አያስተምርም። ሌሎችም ሰሌዳ ዘርግተው እንዲከተሉ የላክኸውን እንዳለ ላስፍረው። መስመሮቹን ከነጭ ግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እላቸዋለሁ። የ«×» ምልክት መብላት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ መጀመሪያ የነጭ፣ ቀጥሎ የጥቁር እርምጃ ይመጣል፤ ከቁጥሩ በኋላ «...» ካለ እርምጃው የጥቁር ነው። ስም ያልተጠቀሰበት እርምጃ የወታደር ነው። «አጭር ካስል» በአንድ እርምጃ ንጉሡን ወደ ጂ፣ ሩኩን ወደ ኤፍ መስመር ማዛወር ነው።

1. ኢ4 ኢ5 2. ኤፍ4 ኢ×ኤፍ4 3. ፈረስ ኤፍ3 ጂ5 4. ቢሾፕ ሲ4 ጂ4 5. አጭር ካስል ጂ×ኤፍ3 6. ንግሥት×ኤፍ3 ቢሾፕ ኤች6 7. ዲ4 ፈረስ ኢ7 8. ቢሾፕ×ኤፍ4 ቢሾፕ×ኤፍ4 9. ንግሥት×ኤፍ4 አጭር ካስል 10. ቢሾፕ×ኤፍ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኤች8 11. ንግሥት ኤፍ6 ማት።

ጓደኞችህ ተሳስተዋል። በ2ኛው እርምጃ ወታደሩን መብላትህ ትክክል ነው፤ እኔም ብበላው ደስ ይለኛል። 3ኛው እርምጃህ ጂ5ም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱት ጠንካራ መልስ ነው። ችግሩ የበላኸው ወታደር ምን እንደሚሠራልህ አለማወቅህ ላይ ነው። ኤፍ4 ላይ የቆመውን ያንን ጥቁር ወታደር አንተ እንደ ትርፍ ቆጠርከው። እሱ ግን ትርፍ ከመሆኑ በፊት በር ነው። እሱ እዚያ እስከቆመ ድረስ የኤፍ መስመር ዝግ ነው። እሱ ሲወድቅ ከኤፍ1 የሚነሳው ሩክ በቀጥታ ኤፍ7ን ያያል፤ ኤፍ7ን ደግሞ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ከንጉሥህ ሌላ የሚጠብቀው የለም። ነጭ በ2ኛው እርምጃ ወታደር የሰጠህ ይህንን መንገድ ለመክፈት ብሎ ነው። ስለዚህ ጋምቢቱን ከተቀበልክ በኋላ በየእርምጃው ራስህን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ «በሩ ተዘግቷል ወይ? ካልተዘጋስ ኤፍ7ን ማን ይጠብቃል?» የሚል ነው።

አሁን ሰሌዳውን አውጣና 6ኛው እርምጃ ላይ፣ ነጭ በንግሥቱ ኤፍ3 ላይ ከበላ በኋላ አቁመው። እጅህን ሳታንቀሳቅስ ቁጠር። ወታደር ሰባት ለሰባት ናችሁ፤ በመጀመሪያ ያተረፍከው ወታደር ኤፍ3 ላይ በወደቀው የጂ ወታደርህ ተመለሰ። ትርፍህ አንድ ፈረስ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ነጭ ንግሥቱን፣ ቢሾፑንና ሩኩን ሦስቱንም ወደ ኤፍ7 አዙሯል፣ ንጉሡንም ካስል አድርጎ ደብቋል። አንተ ከኋላ ረድፍህ ያወጣኸው ቁጥር ዜሮ ነው። ይህ ቦታ ሙዚዮ ጋምቢት ይባላል፤ ነጭ አውቆ ነው ፈረሱን ያስበላህ። አምስት እርምጃ ተጫውተህ አምስቱንም በወታደር ስለተጫወትክ ነው እዚህ የደረስከው፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው በቼዝ ሲታይ ይህንን ይመስላል።

ይህም ሆኖ በዚህ ቦታ ላይ ገና አልተሸነፍክም። ዋናው ስህተትህ 6ኛው ላይ ይጀምራል።

ቢሾፕህን ወደ ኤች6 ስታወጣ ሐሳብህ ገብቶኛል፦ ኤፍ4ን መጠበቅ ፈልገሃል። በሩን ለመዝጋት ማሰብህ ጥሩ ነው፣ ግን ቆጠራው አይበቃም። ነጭ ዲ4 ሲል የሲ1 ቢሾፑ መንገድ ተከፈተ፤ ስለዚህ ኤፍ4ን የሚያጠቁት ቢሾፕ፣ ንግሥትና ሩክ ሦስት ሆኑ፣ የሚጠብቀው ያንተ ቢሾፕ አንድ ብቻ ነው። ያም ቢሾፕ በ8ኛው እርምጃ ተለዋውጦ ጠፋ። በሩም ጠባቂውም አብረው ሄዱ ማለት ነው። 9ኛው ላይ የነጭ ንግሥት ኤፍ4 ስትደርስ በቀጥታ ኤፍ7 ላይ ማት ታስፈራራለች።

እዚያ ላይ «ካስል ባደርግ ንጉሤ ይድናል» ብለህ ነው ያደረግከው፣ ሩኩም ኤፍ7ን ይጠብቃል። ግን ከቢሾፑ ቼክ በኋላ ንጉሥህ ወደ ኤች8ም ሄደ ወደ ጂ7 ንግሥቲቱ ኤፍ6 ላይ ገብታ ማት ነው። ጂ7 ላይ ሆነህ ንግሥቲቱን በንጉሥህ ልትበላት አትችልም፤ ከኋላዋ የኤፍ1 ሩክ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት ተመልከት፦ በ7ኛው እርምጃ ኢ7 ላይ ያስቀመጥከው ፈረስ የራስህን ንግሥት ከዲ8 ወደ ኤፍ6 የሚወስደውን ሰያፍ መንገድ ዘግቶባታል። ፈረሱ እዚያ ባይሆን ኖሮ ኤፍ6 ላይ የምትገባዋን ንግሥት ንግሥትህ ትበላት ነበር። አንድ ፈረስ ሲወጣ ሌላ ጠባቂ ዓይኑ ሲታሰር ማለት ነው፤ ይህ ስህተት በጀማሪ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ተጫዋችም ላይ በየቀኑ ይታያል።

10ኛው ላይ በሩክ ኤፍ7ን ብትበላስ? ንግሥቲቱ ሩኩን በቼክ ትበላለች፣ ንጉሥህ ኤች8 ይሄዳል። ወዲያው ማት አይሆንም፣ ግን የኤ8 ሩክህ፣ የሲ8 ቢሾፕህና የቢ8 ፈረስህ እንደተወለዱ ቆመው የነጭ ፈረስ ደግሞ በሲ3 በኩል ወደ ዲ5 ይመጣል። 9ኛው ላይ ኤፍ6 ብትል ኖሮም አያድንህም፦ ንግሥቲቱ ኤፍ6 ላይ በልታ በአንድ ጊዜ ኤፍ7 ላይ ማትና የኤች8 ሩክህን ታስፈራራለች። ሩኩን ወደ ኤፍ8 ብታዞረው ራሱን ኤፍ8ን ስትበላ ማት ነው፤ ሞክረህ እየው።

ታዲያ 6ኛው ላይ ምን ነበር የሚሻለው? ንግሥት ኤፍ6። ይህችን እርምጃ በቃልህ ያዛት። ንግሥትህ ኤፍ6 ላይ ስትቆም ከፊቷ ያለውን የኤፍ4 ወታደር ትጠብቃለች፣ ከኋላዋ ኤፍ7ን ትጠብቃለች፣ በራሷም መስመሩን ትዘጋለች፤ በአንድ እርምጃ ሦስት ሥራ ነው። ነጭ ይህንን ስለሚያውቅ 7. ኢ5 ብሎ ሁለተኛ ወታደር ይሰጥሃል፣ ንግሥትህን ከዚያ መስመር ሊያስለቅቃት። ብላው፦ 7... ንግሥት×ኢ5። ከዚያ የታወቀው መንገድ 8. ዲ3 ቢሾፕ ኤች6 9. ፈረስ ሲ3 ፈረስ ኢ7 10. ቢሾፕ ዲ2 ፈረስ ከቢ8 ወደ ሲ6 11. ሩክ ከኤ1 ወደ ኢ1 ንግሥት ኤፍ5 12. ፈረስ ዲ5 ንጉሥ ዲ8 ነው። አሁን ቢሾፑ ኤች6 ላይ፣ ፈረሱም ኢ7 ላይ እንደሆኑ አስተውል። አንተ የተጫወትካቸው እነዚያው ሁለት እርምጃዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ንግሥቲቱ ቀድማ መውጣቷ ብቻ ነው። 12ኛው ላይ ንጉሡ ወደ ዲ8 የሚሄደው ሲ7ንና ኢ7ን አብሮ ለመጠበቅ ነው። አንድ ፈረስና አንድ ወታደር ትርፍ አለህ፣ ነጭ ደግሞ ጥቃት አለው፤ ሁለቱም ይጫወታሉ።

በ8ኛው ላይ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር ሊመጣብህ ይችላል፦ 8. ቢሾፕ×ኤፍ7 ቼክ። ንጉሥህ ይበላዋል፣ ከዚያ 9. ዲ4 ንግሥት×ዲ4 ቼክ 10. ቢሾፕ ኢ3። እዚህ ላይ እጅህ በኤፍ4 ወታደር ኢ3 ያለውን ቢሾፕ ለመብላት ይሮጣል። አይፈቀድም፤ ወታደሩ ከተነሳ ኤፍ7 ያለው ንጉሥህ ለነጭ ንግሥት ይጋለጣል። ንግሥትህን ወደ ኤፍ6 መልሳት፣ ነጭም 11. ቢሾፕ×ኤፍ4 ብሎ ይቀጥላል። ሁለት ፒስ (ፈረስና ቢሾፕ) ትርፍ ይዘህ ንጉሥህ ሜዳ ላይ ነው፤ ለ15 ደቂቃ ጨዋታ ከባድ ሥራ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ለአንተ የምመክረው 6ኛውን ማስተካከል ሳይሆን 4ኛውን መቀየር የሆነው። የሙዚዮን መስመር እስከ 12ኛው ድረስ በቃል ሳይዙ 4... ጂ4 ማለት ልጁ ቤቱ አጥንቶ የመጣበትን ፈተና መፈተን ነው። ጂ4 ለምን እንዳማረህ ይገባኛል፦ ነጭ ፈረሱን ወደ ኢ5 ቢያሸሸው ንግሥትህ ኤች4 ላይ ቼክ ትልና ንጉሡ ካስል የማድረግ መብቱን ያጣል። ፈረሱን ትቶ ካስል ያደርጋል ብለህ ግን አላሰብክም።

4ኛው ላይ ቢሾፕ ጂ7 በል። ጸጥ ያለች ናት፣ ግን ሥራዋ ብዙ ነው። ነጭ 5. ኤች4 ብሎ የጂ5 ወታደርህን ቢያጠቃ 5... ኤች6 ትላለህ፤ ኤች×ጂ5 ኤች×ጂ5፣ ሩክ×ኤች8 ቢሾፕ×ኤች8፣ ሰንሰለትህም ሳይበጠስ ይቆማል። ይህ የሚሠራው ቢሾፑ ጂ7 ላይ ሆኖ የኤች8 ሩክን ስለሚጠብቅ ብቻ ነው። ቢሾፑ ኤፍ8 ላይ እያለ፣ ማለትም ነጭ 4ኛው ላይ ከቢሾፕ ሲ4 ይልቅ ኤች4 ካለ፣ ኤች6 ማለት ሩክ ማስበላት ነው፤ ኤፍ6 ማለት ደግሞ የባሰ፦ ፈረስ×ጂ5፣ ኤፍ×ጂ5፣ ንግሥት ኤች5 ቼክ ይመጣና ንጉሥህ ወጥቶ ይንከራተታል። በዚያ ጊዜ 4... ጂ4 ግዴታ ነው፤ 5. ፈረስ ኢ5 ሲልህ 5... ፈረስ ኤፍ6 ትላለህ።

ወደ ቢሾፕ ጂ7 ልመለስ። ነጭ ካስል ካደረገ 5... ዲ6 6. ዲ4 ኤች6 7. ሲ3 ፈረስ ሲ6። ኤፍ4ን ጂ5 ይጠብቀዋል፣ ጂ5ን ኤች6 ይጠብቀዋል፣ ኤች6ን ደግሞ ቢሾፑና ሩኩ። ነጭ ይህንን ሰንሰለት ለመስበር የሚመጣበት ዋና እርምጃ 8. ጂ3 ነው። እዚህ ላይ ኤፍ×ጂ3 ብለህ አትብላ፤ በሩን በገዛ እጅህ ከፈትክ ማለት ነው። 8... ጂ4 በል፤ ፈረሱ ወደ ኤች4 ይሄዳል፣ አንተ 9... ኤፍ3 ብለህ ወታደሩን አንድ ወደፊት ትገፋለህ። በሩ አሁን ኤፍ3 ላይ ነው፣ መስመሩ እንደገና ተዘጋ። ነጭ ንግሥቱን ወደ ቢ3 አውጥቶ ከቢሾፑ ጀርባ ኤፍ7ን ቢያነጣጥር በንግሥት ኢ7 ትመልሳለህ፤ ሁለት ያጠቃሉ፣ ሁለት ይጠብቃሉ።

ይህም ጥናት ይፈልጋል፣ አልዋሽህም። በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር ካለብህና ጊዜ ካጠረህ ከሁሉም የሚቀለው 3ኛው ላይ ጂ5ን ትተህ 3... ዲ5 ማለት ነው። ወታደሩን ተቀብለህ መልሰህ ትሰጣለህ፣ በምትኩ ፒሶችህ ይወጣሉ። 4. ኢ×ዲ5 ፈረስ ኤፍ6 5. ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ×ዲ5 6. አጭር ካስል ቢሾፕ ኢ7 7. ቢሾፕ×ዲ5 ንግሥት×ዲ5 8. ፈረስ ሲ3 ንግሥት ዲ8 9. ዲ4 አጭር ካስል 10. ቢሾፕ×ኤፍ4 ቢሾፕ ኤፍ5። ወታደር እኩል ነው፣ ሁለቱም ቢሾፖች በእጅህ ናቸው፣ ንጉሥህ ተደብቋል። ነጭ የመጣበት ጥቃት የለም። 4ኛው ላይ ዲ5ን ወዲያው በንግሥት አትብላ፤ ፈረሱ ሲ3 ላይ ወጥቶ በነፃ ያባርራታል። ነጭ 5. ቢሾፕ ቢ5 ቼክ ቢልህ በሲ6 ዝጋው፤ ዲ×ሲ6 ካለ በፈረስ ብላ።

ነጭ 3ኛው ላይ ፈረሱን ሳያወጣ ቢሾፕ ሲ4 ካለህ ደግሞ ንግሥት ኤች4 ቼክ ማለት ይቻላል፤ ንጉሡ ኤፍ1 ይሄዳል። በ1851 ለንደን ላይ አንደርሰን ኪዘሪትስኪን ሁለቱን ሩኮችና ንግሥቱን ሰጥቶ ማት ያደረገበት ዝነኛ ጨዋታ በዚህ ነው የተጀመረው። ለአንተ ግን ፈረስ ኤፍ6፣ ቀጥሎ ሲ6፣ ቀጥሎ ዲ5 ብለህ መሐሉን መስበር የበለጠ ይጠቅምሃል።

ጂ5 ብሎ ወታደሩን መያዝ ትልልቆቹንም እንዳስቸገረ ልንገርህ፣ እንዳታፍር። በ1960 አርጀንቲና ማር ዴል ፕላታ ላይ ስፓስኪ በነጭ የንጉሥ ጋምቢት ተጫውቶ ፊሸርን በ29 እርምጃ አሸንፎታል። ፊሸር የተጫወተው 3... ጂ5 4. ኤች4 ጂ4 5. ፈረስ ኢ5 ፈረስ ኤፍ6 ነበር። ከዚያ ቁጭ ብሎ አጥንቶ በ1961 ባወጣው ጽሑፍ 3... ዲ6ን መከረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዲ6 አስቀድሞ ከተጫወትክ የነጭ ፈረስ ኢ5 ላይ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፣ ከዚያ ጂ5 ትላለህ። 4. ቢሾፕ ሲ4 ካለህ 4... ኤች6 5. ዲ4 ጂ5። ፊሸር ጋምቢት አይበላም አላለም፤ አበላሉን ነው ያረመው። አንተም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ ሰዓትህ አንድ ነገር ልበል። ወረቀትህ ጥግ ላይ ከ8ኛው እርምጃ በኋላ 14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ቀርቶህ እንደነበር ጽፈሃል። የሰከንዶቹ ጭማሪ ሲደመር ስምንቱን እርምጃ በሁለት ደቂቃ ገደማ ጨርሰሃል ማለት ነው። ጋምቢት የሚከፍት ሰው የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ቤቱ ስለሠራቸው በፍጥነት ይጫወታል፤ አንተም ፍጥነቱ ይጋባብሃል። አትከተለው። 4ኛው ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ነጭ ፒስ ባስበላህ ቁጥር ደግሞ ሌላ ሁለት ደቂቃ ውሰድ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅህን ከጠረጴዛው በታች አድርግ፣ ምክንያቱም የነካኸውን ፒስ የማንቀሳቀስ ግዴታ አለብህ፤ ቢሾፑን ከነካህ በኋላ ንግሥት ኤፍ6 ቢታይህ ዋጋ የለውም።

ሰንጠረዥ (የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ) የሚያውቁ አባቶች ሰፈርህ ካሉ ይህ ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ ይነግሩሃል። በእኛ ሰንጠረዥ በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይጫወታሉ፤ የመጀመሪያው ፒስ እስኪበላ ድረስ እጅ የፈጠነ ይጠቀማል። በቼዝ ግን ተራህ እስከሆነ ድረስ ማንም አይቀድምህም።

ልምምዱን እንዲህ አድርገው። ሰሌዳው ላይ ከ3. ፈረስ ኤፍ3 በኋላ ያለውን ቦታ አቁም፣ ከጓደኛህ ጋር በ10 ደቂቃ ስድስት ጊዜ ተጫወቱ፤ ሦስቱን አንተ ጥቁር ሆነህ በ3... ዲ5፣ ሦስቱን ነጭ ሆነህ። ነጭ ሆነህ መጫወቱን አትዝለለው፤ የኤፍ መስመር ሲከፈት ምን እንደሚጣፍጥ ካልቀመስክ ጥቁር ሆነህ አትፈራውም። ሰሌዳ በሌለህ ጊዜ፣ ለምሳሌ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም፣ ሊቼስን (የቼዝ ድረገጽ ነው) በስልክህ ክፈት፤ ነፃ ነው። የራስህን ጨዋታ አስገባና በማሽኑ ከመመርመርህ በፊት በየእርምጃው ኤፍ4ንና ኤፍ7ን ስንት እንደሚያጠቃቸው፣ ስንት እንደሚጠብቃቸው በወረቀት ጻፍ። 6ኛው ላይ ንግሥት ኤፍ6ን ራስህ ካገኘሃት፣ ቢሾፕ ጂ7ን ለመጀመር ዝግጁ ነህ። ካላገኘሃት ለጊዜው በ3... ዲ5 ቆይ።

ከዚያ ልጅ ጋር በሚቀጥለው ዙር ብትገናኙና እንደገና ኤፍ4 ቢልህ፣ ብላው።